ነፋስ የሚጎትተው ጋሪና የእናት ጭንቀት

«እማዬ፣ በነፋስ የሚጎተት ጋሪ መንዳት ልማር ነውና ፍቀጂልኝ» ብሎ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢጠይቅ፣ እናት ምን ብላ ትመልስ? እሺ እንዳትል ነገሩን አታውቀውም። እምቢ እንዳትል ደግሞ የልጇ የክፍል ጓደኞች ውለው የሚያወሩት ስለዚሁ ጋሪ ነው። ከልክላው ተደብቆ ቢሄድስ?

ይህ ጥያቄ የቀረበላት በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ደሴ ሲሆን፣ ወደ ውጭ አገር ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ታታሪ ሴት ናት። ባለፈው በጋ ለጥቂት ሳምንታት እርሷ ዘንድ ባረፍሁበት ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ የሚነሳው ወሬ ሁሉ ይኸው የነፋስ ጋሪ ነበር።

«እኔ ባሕር ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው» አለችኝ አንድ ምሽት ቡና እያፈላች። «ጦሳ ላይ ደመና ሲወርድ ዝናብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባሕሩ ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ልጁ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ልፍቀድ? እንዴትስ ብዬ ልከልክል?»

አነጋገሯ ልቤን ነካው። በእርግጥም ይህ የእርሷ ብቻ ችግር አይደለም። ልጆቻችን እኛ በልጅነታችን ያላየነውን ጨዋታ በየዕለቱ ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቻችንም ባለማወቃችን ምክንያት ወይ በጭፍን እንከለክላለን፣ ወይም በጭፍን እንፈቅዳለን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂላችን ትክክል ቢሆንም፣ መጠርጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ምኑን መጠርጠር እንደሚገባ ማወቅ ያሻል። ስለዚህ ሁለታችን ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ተስማማን።

ጋሪው ምንድን ነው?

ይህ ጋሪ ሦስት ጎማ ያለው፣ ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ መቀመጫው ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ተሽከርካሪ ነው። ሞተር የለውም። ነጂው እግሮቹን ዘርግቶ ከፊተኛው ጎማ ጋር በተያያዘው ብረት ላይ ያሳርፍና በእግሩ ይመራዋል። በእጁ ደግሞ ረዣዥም ገመዶች ያሉትን «ካይት» የተባለ ትልቅ ጨርቅ ይይዛል። ገመዶቹ ሃያ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ። ነፋሱ ጨርቁን ሲሞላው ጨርቁ ጋሪውን ይጎትታል። የሠለጠነ ሰው ጠንካራና ሰፊ መሬት ካገኘ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድበት የቻለ ነው።

እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም አብዛኞቹ ጋሪዎች እንደ ብስክሌት ያለ ፍሬን የሌላቸው መሆናቸው ነው። ነጂው የሚቆመው ጨርቁ ነፋስ እንዳይዝ በማድረግና ጋሪውን በማዞር ነው። በመሆኑም ለመቆም ችሎታ ያስፈልጋል፤ ባዶ ሰፊ መሬትም ያስፈልጋል። የስፍራ ምርጫ የጨዋታው ጌጥ ሳይሆን የደኅንነቱ መሠረት ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ነፋስን እንደ ፈረስ የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1600 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሲሞን ስቴቪን የተባለው የሒሳብ ሊቅ፣ ለልዑል ማውሪትስ ሸራ ያለው ትልቅ ሠረገላ ሠርቶ በሆላንድ የባሕር ዳርቻ ከስኸቬኒንገን እስከ ፔተን ድረስ ሰዎችን አሳፍሮ ተጉዟል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በብሪስቶል ከተማ ጆርጅ ፖኮክ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር፣ በካይት የሚጎተት ሠረገላ ፈልስፎ በ1826 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። በዚያን ዘመን የመንገድ ቀረጥ የሚከፈለው በፈረስ ቁጥር ስለነበር፣ ፈረስ የሌለው የፖኮክ ሠረገላ ያለ ቀረጥ ያልፍ ነበር ይባላል።

ይኸው መምህር የገዛ ልጁን ማርታን ወንበር ላይ አስሮ በካይት ወደ ሰማይ አውጥቷታል። ማርታ በደኅና ወረደች። አድጋም የታወቀው የክሪኬት ተጫዋች የደብልዩ. ጂ. ግሬስ እናት ለመሆን በቃች። ይህን ለአክስቴ ልጅ ባነብላት «አባትየውስ ይሁን፣ እናቲቱ የት ነበረች?» ብላ አሳቀችኝ። ዛሬ የምናየው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ግን የተስፋፋው በ1990 ገደማ ሲሆን፣ በኒውዚላንድ የአሽበርተን ከተማ ነዋሪ የሆነው ፒተር ሊን ቅርጹን በማሻሻልና በማሰራጨት ይታወቃል።

የመጀመሪያው እሑድ

ልጁ መጀመሪያ የመረጠው ስፍራ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለ ትንሽ መዝናኛ ነበር። የመረጠበትም ምክንያት ቅርብ መሆኑና የጓደኛው ታላቅ ወንድም ጋሪውንና ካይቱን ይዞ ስለሚመጣ ነው። አሠልጣኝ የለም፤ ክፍያም የለም። እናትየዋ «ልይና እወስናለሁ» አለች። በማግስቱ የሌሊት ተራ ሥራዋን ጨርሳ፣ ሳትተኛ፣ ከእኛ ጋር ባቡር ተሳፈረች።

ስፍራው ለዓይን ያማረ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ጸጥ ያለ ውኃ፣ ጣራ ያላቸው የባሕር ዳር ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ነገር ግን የአሸዋው ስፋት ከጫፍ እስከ ውኃው ድረስ በጥቂት እርምጃ የሚያልቅ ነው። ከዳር ወደ ውኃው ውስጥ በረድፍ የተተከሉ የእንጨት ግንዶች አሉ። ሕፃናት አሸዋ እየቆፈሩ ይጫወታሉ፤ አሮጊቶች ውሻቸውን ይዘው ያልፋሉ። ነፋሱም ከኋላችን ከቤቶቹ በኩል እየመጣ አንዴ ይነፍሳል፣ አንዴ ጸጥ ይላል፣ አንዴ ደግሞ በድንገት ያፏጫል።

የአክስቴ ልጅ ጫማዋን አውልቃ በአሸዋው ላይ ተራመደች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠለቀ። ቆም ብላ ግራና ቀኙን አየች። ከዚያም «ዛሬ አይሆንም» አለች።

«ለምን?» አለ ልጁ ፊቱ ቀልቶ።

«ጋሪው ፍሬን የለውም አላልከኝም? እንግዲያው የሚያቆምህ ምንድን ነው? ያ ግንድ ነው? ወይስ ያች ሕፃን?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ሆኖም በጣም አኮረፈ። በባቡሩ ውስጥ እስከ ሐምቡርግ ድረስ አንድም ቃል ሳይናገር በመስኮት ሲመለከት ቆየ። እናትየዋም እንቅልፍ እያዳፋት «ጠላኝ መሰለኝ» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ። እኔ ግን ከዚያ ዕለት ይበልጥ እናት ሆና አይቻት አላውቅም። የከለከለችው ፈርታ ብቻ ሳይሆን አይታና መዝና ነውና።

መልካም ዳርቻ እንዴት ይታወቃል?

በሚቀጥለው ሳምንት ከልምድ ሰዎች ስንጠይቅና ስናነብ፣ የእናትየዋ ዓይን ያየውን ነገር ምክንያት እየተረዳን ሄድን።

አንደኛው አሸዋው ነው። ደረቅና ለስላሳ አሸዋ ጎማ ይውጣል። ጋሪ የሚፈልገው ባሕሩ ሸፍኖት የሸሸ፣ ርጥብና የተጠቀጠቀ አሸዋ ነው። ቀላል ፈተና አለው፤ በተረከዝ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ነው። ተረከዙ እምብዛም ካልገባ መሬቱ ደኅና ነው። በዚህ ምክንያት የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ለዚህ ጨዋታ እምብዛም አይመችም። በዚያ ባሕር የውኃው ሙላትና ሽሽት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ውኃው ሸሽቶ የሚያጋልጠው ሰፊ ጠንካራ ሜዳ የለም። ከዴንማርክ ምዕራባዊ ጠረፍ እስከ ቤልጅግ ድረስ ያለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ሁለተኛው ውኃው ነው። በሰሜን ባሕር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ፣ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ በጠዋት ደኅና የነበረ ስፍራ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት በውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በጨረቃ መወለጃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። በየባሕር ዳሩ የሰዓቱ ሠንጠረዥ ስለሚለጠፍ እርሱን ሳያዩ መውጣት አይገባም። ተመራጩ ጊዜ ውኃው እየሸሸ ያለበትና ዝቅ ያለበት አካባቢ ነው። ውኃው መመለስ ሲጀምር፣ በሜዳው ላይ ያሉትን ቦዮች አስቀድሞ እየሞላ ሰውን ከኋላው ሊከብበው ስለሚችል በጊዜ መመለስ ግድ ነው።

ሦስተኛው ነፋሱ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው በሰዓት ከ12 እስከ 28 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ሳይቆራረጥ የሚመጣ ነፋስ ነው። ከባሕሩ በኩል ወይም ከዳርቻው ጎን ለጎን ሲነፍስ የተስተካከለ ይሆናል። ከየብስ ሲመጣ ግን ቤቱና የአሸዋው ኮረብታ ስለሚሰብሩት ይቆራረጣል፤ ያን ዕለት ያፏጨብን ነፋስ ይኸው ነበር። የባሕሩ ጀርባ በነጭ አረፋ ሲሞላና ደረቅ አሸዋ እንደ ጭስ መሬት ለመሬት መሮጥ ሲጀምር፣ ለጀማሪ ልጅ የዕለቱ ጨዋታ ያበቃል። ክብደቱ ቀላል የሆነ ልጅ በኃይለኛ ነፋስ ከመቀመጫው ሊነሳ ይችላልና።

አራተኛው ሰውና ሕግ ነው። በብዙ ዳርቻዎች የመታጠቢያ ወራት ሲደርስ ጋሪ ይከለከላል፤ ወይም የተለየ ክልል ይመደብለታል። ወፎች እንቁላል የሚጥሉበት ስፍራም ይታጠራል። ከዴንማርክ እስከ ሆላንድ የተዘረጋው የዋደን ባሕር የብዙ ሚሊዮን መንገደኛ ወፎች ማረፊያ ስለሆነ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሆላንድና የጀርመን ክፍል በ2009፣ የዴንማርክ ክፍል በ2014 ነው የተመዘገበው።

እነዚህን አራት ነገሮች የሚያሟሉ የታወቁ ስፍራዎች አሉ። በዴንማርክ የሮሞ ደሴት በ1948 በተሠራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መንገድ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። በደቡብ ጫፏ ያለው ዳርቻ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሸራና ካይት የሚነዱ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ከእርሷ በስተሰሜን ወዳለችው ወደ ፋኖ ደሴት ከኤስቢየር ወደብ በጀልባ የ12 ደቂቃ መንገድ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሰዎች በዚያ ካይት ያበርራሉ፤ ሰማዩ በቀለም ይሞላል። በቤልጅግ ደግሞ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ያለችው ደ ፓነ፣ ከ1898 ጀምሮ የሸራ ጋሪ የተነዳባት ስፍራ ናት። መኪና የሌለው ሠራተኛ እንኳን በጠረፉ ዳር 67 ኪሎ ሜትር በሚሄደው ትራም ተሳፍሮ ሊደርስባት ይችላል።

የፋኖ ትዝታ

የፋኖ ደሴት ስም ሲነሳ ሊረሳ የማይገባ ነገር አለ። የደሴቲቱ አሸዋ ጠንካራ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት የመኪና እሽቅድምድም ይካሄድበት ነበር። በ1924 ታዋቂው እንግሊዛዊ ነጂ ማልኮም ካምቤል በዚያ ሲወዳደር፣ ከመኪናው ጎማ ተነቅሎ ወደ ተመልካቹ በመብረር አንድ ልጅ ገደለ። ካምቤል ሕዝቡ ወደ መስመሩ እጅግ ቀርቦ መቆሙ አደገኛ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በደሴቲቱ የመኪናው ውድድር ቆመ።

ያ ልጅ ነጂ አልነበረም፤ ሊያይ የመጣ ነው። መኪናና የነፋስ ጋሪ አንድ ባይሆኑም ትምህርቱ አንድ ነው። እኛ እናቶች የምንጨነቀው ለሚነዳው ልጃችን ነው። ዳር ቆሞ የሚያየውን ታናሹን ግን እንረሳዋለን። ለዚህም ማወቅ ያለብን አንድ ደንብ አለ፤ ተመልካች ምንጊዜም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ራቅ ብሎ ይቁም። ካይቱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ስለሚያዘነብል በዚያ በኩል የቆመ ሰው ጨርቁም ገመዱም ሊደርስበት ይችላል። የተወጠረ ገመድ ደግሞ ሥጋን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል።

ሁለተኛው እሑድ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሳንክት ፒተር ኦርዲንግ ሄድን። ከሐምቡርግ በባቡር እስከ ሁዙም፣ ከዚያም በሌላ ባቡር እስከ ባሕሩ ድረስ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዳርቻው 12 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በአንዳንድ ስፍራ ስፋቱ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ውኃው ሲሞላ እንዳይወስዳቸው በረዣዥም የእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶች በሜዳው መካከል ይታያሉ፤ የመጀመሪያው የተሠራው በ1911 ነው። ከመንደሩ ወደ ባሕሩ የሚወስደው የእንጨት ድልድይ ብቻውን አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ወደ አሠልጣኙ ከመሄዷ በፊት የውኃውን ሠንጠረዥ አነበበች። በተረከዟ አሸዋውን ረገጠች። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ወደ ላይ አንስታ ነፋሱን ለካች። ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ያያታል። ይህ ጊዜ አልሳቀባትም።

አሠልጣኙ ጠና ያለ ሰው ነው። የልጁን ክብደት ጠየቀ፤ የራስ ቁርና ጓንት አስለበሰው። በመጀመሪያው ሰዓት ጋሪው ላይ እንዲቀመጥ እንኳን አልፈቀደለትም። ቆሞ ትንሽ ካይት እንዲይዝና ደጋግሞ እንዲያወርደው ብቻ ነበር ያዘዘው። «መውረድ ያልቻለ አይወጣም» አለን። ልጁ ቢሰለችም ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ጋሪው ላይ ወጣና በቀስታ፣ ቀጥሎም ፈጠን ብሎ በባዶው ሜዳ ላይ ሄደ። ድምፁ እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ይስቃል። እናትየዋ ነጠላዋን በወገቧ አጥብቃ፣ ታናሺቱን ልጇን በእጇ ይዛ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ እንደነበረች አልጠራጠርም።

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ነጭ አረፋ ማውጣት ጀመረ። አሸዋውም ጢስ መሰለ። የአክስቴ ልጅ ልትጣራ እጇን ስታነሳ፣ ልጁ ካይቱን አውርዶ ገመዱን እየጠቀለለ ወደ እኛ ሲመጣ አየን።

«ነፋሱ በረታ፣ እማዬ። ይበቃኛል» አለ።

እርሷም ምንም ሳትናገር የራስ ቁሩን ፈትታ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ወደ ሐምቡርግ ስንመለስ ልጁ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ተኛ።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። «እንግዲያው ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በውጭ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። በአገር ቤትም ልጆቻችን ከፌስታልና ከቀጫጭን እንጨት የሚሠሩትን ካይት ያበርራሉ። የት ነው የሚያበርሩት? ከጣራ ላይ ነው? ከመንገድ ዳር ነው? በላያቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል? ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ይለቃሉ ወይስ ይይዛሉ? ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድስ፣ ምንጣፍ ከማንጠፋችን በፊት ነፋሱንና ውኃውን የምናይ ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ እናቶች፣ ልጅዎ አዲስ ጨዋታ ይዞ ሲመጣ እሺም እምቢም ከማለትዎ በፊት «እስቲ ስፍራውን አሳየኝ» ይበሉት። መሬቱን ይርገጡ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፤ የሚያቆመው ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በአጠገቡ ማን እንዳለ ይመልከቱ። ካልተስማማዎት ምክንያቱን ነግረው ይከልክሉት። ከተስማማዎት ደግሞ ፈቅደው አጠገቡ ይቁሙ።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላልኝ ነበር። ልጁ አሁንም ወደዚያው ዳርቻ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት የውኃውን ሰዓትና የነፋሱን ኃይል በወረቀት ጽፎ በወጥ ቤቱ በር ላይ ይለጥፍላታል። «ፈቃድ ሲጠይቀኝ እኮ ነው» አለችኝ እየሳቀች፤ «እኔም አንብቤ እፈርምለታለሁ።»